ከሰብል ተረፈ ምርት በሻጋታ መድኃኒት ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሻጋታና ስለ ሰብል ተረፈ ምርት በተናገርኩ ቁጥር ጥያቄው ከሦስት ወገን ይመጣል፦ የመመረቂያ ርዕስ ከሚፈልግ ተማሪ፣ ግቢው በቡና ገለፈት ከተሞላበት ማኅበር፣ ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል ከተባለ ሰው። ሦስቱም በየራሳቸው ቋንቋ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ከምንጥለው ነገር መድኃኒት ይወጣል ወይ? ይወጣል። እንዴት፣ በማን እጅና በምን ጥንቃቄ እንደሚወጣ ግን ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ሻጋታ፣ እርሾና እንጉዳይ ሁሉም የፈንገስ ወገን ናቸው። ፈንገስ አፍም ሆድም የለውም፤ ምግቡን ውጭ ላይ ፈጭቶ ነው የሚመገበው። ኢንዛይም የሚባል ምግብ የሚያፈርስ ፕሮቲን ያመነጭበታል፣ ሲሟሟለት ይመጥጠዋል። ገለባ፣ ፉርሽካ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ባጋስ (ተጨምቆ የቀረ የሸንኮራ አገዳ) እና የቡና ገለፈት ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን በሚባሉ ጠንካራ ነገሮች የተገነቡ ስለሆኑ የእኛ ሆድ አይችላቸውም። ፈንገስ ግን ይችላቸዋል። ጫካ ውስጥ የወደቀውን ግንድ አፈር የሚያደርገው እሱ ነው።

ምግብ እስካገኘ ድረስ ያድጋል። ምግቡ፣ በተለይ ናይትሮጅኑ፣ እያለቀ ሲሄድ ጠባዩን ይለውጣል። ለማደግ የማያስፈልጉትን፣ ነገር ግን ጎረቤት ተሕዋስያንን የሚገቱ ወይም የሚገድሉ ውህዶችን መሥራት ይጀምራል። ሐኪም ከሚያዝልን መድኃኒት ውስጥ ቀላል የማይባለው ከእነዚህ ውህዶች የተገኘ ነው። ከእነዚሁ ውህዶች ውስጥ መርዝ የሆኑም አሉ፤ አንዳንዴም መድኃኒቱንና መርዙን የሚሠራው ያው አንዱ ሻጋታ ነው።

አዲስ ግኝት ነው እንዴ?

አይደለም። ታሪኩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ በሚገርም አጋጣሚ ሁለት ጊዜ አንዲት ከተማ ላይ ይገናኛል፤ አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ያለችው ፒዮሪያ።

መጀመሪያ የመጣው ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ፒዮሪያ የደረሰው የውስኪ ጠማቂዎች በብቅል ፋንታ የሚጠቀሙበትን ነገር ይዞ ነበር። ጃፓኖች ለዘመናት ሩዝ ላይ ሲያሳድጉት የኖሩትን አስፐርጂለስ ኦራይዜ የተባለ ሻጋታ በስንዴ ፉርሽካ ላይ አሳደገው። ብቅል አቅራቢዎቹ እንጀራችንን ሊቀማን ነው ብለው ተነሡበት፤ የውስኪው ሐሳብም ሳይሰምር ቀረ። ሻጋታው ፉርሽካው ላይ የሚያመነጨውን ስታርች አፍራሽ ኢንዛይም ግን ለይቶ አወጣው፤ በ1894 የፈጠራ መብት አገኘበት። ታካዲያስቴዝ ተብሎ ምግብ አልፈጭ ለሚላቸው ሰዎች መድኃኒት ሆኖ ተሸጠ። ከወፍጮ የተረፈ ፉርሽካና አንድ ሻጋታ ተገናኝተው ፋርማሲ የገባ ምርት ሰጡ ማለት ነው።

ሁለተኛው የፔኒሲሊን ታሪክ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን ውስጥ አንድ ሻጋታ ባክቴሪያ ሲገድል አየ። ከዓመታት በኋላ ኦክስፎርድ ላይ ተመራማሪዎቹ ፍሎሪ፣ ቼይንና ሂትሊ ውህዱን አጣርተው አወጡት፤ የቸገራቸው ግን መጠኑ ነበር። በ1941 መጀመሪያ ላይ የታከመው ፖሊስ፣ አልበርት አሌክሳንደር፣ ማገገም ጀምሮ ሳለ መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ቢሰጡትም አልበቃውም፤ ሞተ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ፍሎሪና ሂትሊ ፒዮሪያ ደረሱ። የሄዱበት የመንግሥት ላቦራቶሪ የተቋቋመው ገበያ ላጣ የእርሻ ምርት አዲስ ጥቅም እንዲፈልግ ነበር፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ሐሳባቸው ሁሉ በቆሎና ተረፈ በቆሎ ላይ ነው። ከእነሱ አንዱ አንድሩ ሞየር ይባላል። የስታርች ፋብሪካ በቆሎውን ከመፍጨቱ በፊት ሁለት ቀን ገደማ ይዘፈዝፈዋል፤ ሞየር ያንን የዝፍዝፍ ውሃ አወፍሮ ለሻጋታው ሰጠው። የፔኒሲሊኑ መጠን ዐሥር እጥፍ ገደማ አደገ።

ስንቴም ባስተምረው የማይሰለቸኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ውሃ ሻጋታውን በመመገብ ብቻ አልተወሰነም። ወደ ፌኒል አሴቲክ አሲድ የሚለወጡ ነገሮች ነበሩበት፤ ሻጋታው እነሱን አንሥቶ የመድኃኒቱ ሞለኪዩል ላይ ሰካቸው። ስለዚህ ፒዮሪያ ላይ የወጣው እንግሊዞቹ ሲያወጡት ከነበረው የተለየ ሆነ፤ ፔኒሲሊን ጂ የምንለው። ዛሬ አገራችን ውስጥ የቁርጥማት ትኩሳት ልቡን የጎዳው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በውስጡ የያዘው ይህንኑ ነው። ተረፈ ምርቱ የመድኃኒቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ወሰነ። “ተረፈ ምርት ርካሽ ስለሆነ እንጠቀምበት” ለሚል ሁሉ ይህን የምነግረው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ከርካሽነቱ እንደሚቀድም እንዲያይ ነው።

በ1943 ደግሞ እዚያው ፒዮሪያ ከተገኘ የሻገተ ሜሎን ላይ ከቀድሞዎቹ እጅግ የበለጠ ፔኒሲሊን የሚሠራ ሻጋታ ተለየ። ፋብሪካዎች አሁን የሚጠቀሙባቸው ዝርያዎች የዚያ ሻጋታ ዘሮች ናቸው።

ታዲያ የሻገተ እንጀራ ወይም ዳቦ ብንበላ፣ ቁስል ላይ ብናደርግስ?

በፍጹም። ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ብዙ ናቸው፤ መልሱን ለስለስ አድርጌ ልናገረው አልችልም።

እንጀራው ላይ የወጣው አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር የትኛው ዝርያ እንደሆነ ዓይን አይለየውም። ፔኒሲሊየም ከሚባለው ቤተሰብ ውስጥ መድኃኒት የሚሠሩ አሉ፤ ኩላሊት የሚጎዳ ሲትሪኒን የሚባል መርዝ የሚሠሩም አሉ። አስፐርጂለስ ውስጥ ታካሚኔ የተጠቀመበት ሰላማዊ ዝርያ አለ፤ የቅርብ ዘመዱ አስፐርጂለስ ፍላቨስ ደግሞ አፍላቶክሲን ያመነጫል። አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። በ2004 ኬንያ ውስጥ በሻገተ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

ከእኛም ቤት ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባና ዙሪያዋ በሚመረት ወተት ላይ በተደረገ ምርመራ አፍላቶክሲን የተገኘ ሲሆን፣ ከመኖዎቹ ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ፋጉሎ ተረፈ ምርት ነው። ላሟ የሻገተውን በላች፣ መርዙ በወተቷ ወጣ። የተበላሸ ተረፈ ምርት ላይ በራሱ የወጣ ሻጋታና ላቦራቶሪ ውስጥ ተመርጦ የተዘራ ሻጋታ የሚመሳሰሉት በስማቸው ብቻ ነው። መጥበስ ወይም ማፍላትም አፍላቶክሲንን አያጠፋውም።

እስካሁን በዚህ መንገድ የተገኙት መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው?

ከፔኒሲሊን ሌላ ሦስት ልጥቀስ።

ሎቫስታቲን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ስታቲን የሚባለው የዚህ መድኃኒት ወገን አባት አኪራ ኤንዶ በሰሜን ጃፓን የገበሬ ልጅ ሆኖ ያደገ፣ በ2024 በ90 ዓመቱ ያረፈ ሳይንቲስት ነው። ጉበታችን ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም የሚገታ ነገር ከፈንገስ አላጣም ብሎ ተነሣ፤ ከ6000 በላይ ዝርያዎችን ሁለት ዓመት ያህል ሲመረምር ቆየ። ያገኘውም ኪዮቶ ከተማ አንድ የእህል መደብር ውስጥ ከነበረ ሩዝ ላይ ከተለየ ሻጋታ ነው። ያ የመጀመሪያው ውህድ ለገበያ ባይበቃም መንገዱን ከፈተ። አስፐርጂለስ ቴሬየስ ከተባለ ሻጋታ የሚገኘው ሎቫስታቲን በ1987 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቶ ከስታቲኖች ሁሉ ቀድሞ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ሆነ። ተረፈ ምርት ላይ ለሚሠራ ተማሪ የተመረጠ ምሳሌ ነው የምለው አስፐርጂለስ ቴሬየስ በስንዴ ፉርሽካና በሩዝ ገለባ ላይ ደኅና አድርጎ ስለሚሠራ፣ ውህዱንም ለመለካት የታወቀ ዘዴ ስላለ ነው።

ማይኮፌኖሊክ አሲድ ደግሞ ከፔኒሲሊን ይቀድማል። ጣልያናዊው ባርቶሎሜዮ ጎሲዮ በ1893 ያገኘው ፔላግራ የተባለውን በሽታ መንስኤ ፍለጋ የተበላሸ በቆሎ ሲመረምር ነው። መቶ ዓመት ያህል ሥራ ሳያገኝ ቆይቶ፣ በ1995 ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት እንዳይጥል የሚያደርግ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 ከተጀመረ ወዲህ፣ የዚህ ዓይነት መድኃኒት እጥረት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች በመካከላችን አሉ።

ሳይክሎስፖሪንም ለንቅለ ተከላ ነው፤ በ1969 ከኖርዌይ አፈር በተወሰደ ናሙና ውስጥ ከተገኘ ፈንገስ።

እውነቱን ለመናገር፣ እነዚህ በብዛት የሚመረቱት ዛሬም በትልልቅ የፈሳሽ ታንኮች ውስጥ ነው። እርጥብ ፉርሽካ ወይም ገለባ ላይ ማሳደግ፣ ጠጣር ማብላላት የሚባለው፣ በጥናትና በአነስተኛ ምርት ደረጃ ጥሩ ውጤት ያሳየ፣ በትልቁ ሲሠራ ግን የራሱ ፈተና ያለበት መንገድ ነው።

ሥራው በተግባር ምን ይመስላል?

ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አሽተው ያጥቡታል፣ ከዚያ በወይራ ያጥኑታል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ “እንዳይበላሽ፣ መዓዛውም እንዲያምር” ይላሉ። ቅጠሉም ጭሱም የማይፈለገውን ተሕዋስ ይቀንሳል፤ ከዚያ የሚፈለገው እርሾ ጋኑን ይወርሰዋል። ላቦራቶሪ ውስጥም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በጥብቅነቱ ላይ ነው። ጠላና እንጀራ ብዙ ዓይነት እርሾና ባክቴሪያ ተባብረው የሚሠሩት ነው። መድኃኒት ሲሆን አንድ ዝርያ ብቻ ይገባል፣ ሌላው ሁሉ በር ላይ ይቀራል።

ፉርሽካው ወይም የተፈጨው ገለባ ውሃ ይጨመርበታል። እርጥበቱ ከመቶ 60 እስከ 70 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ በእጅ ሲጨበጥ መዳፍ የሚያርስ፣ ሲጨመቅ ግን ዥረት የማያወርድ። ውሃው ሲበዛ አየር ይታፈናል፣ ባክቴሪያም ይገባል፤ ሲያንስ ሻጋታው ይደርቃል። ከዚያ በኦቶክሌቭ፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ግፊት ይቀቀላል። ሲበርድ የታወቀው ዝርያ ስፖር (የሻጋታው ዘር) ይዘራበትና 28 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነጭ ክር ፉርሽካውን ያስረዋል፤ ሎቫስታቲን ለመሰብሰብ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። አዲስ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጋታው አምሮ ስላደገ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ውህዱ የሚመጣው ግን ዕድገቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ፈተናው ሙቀት ነው። ሻጋታ ሲተነፍስ ይሞቃል። በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ሙቀቱ በቀላሉ ይወጣል፤ ፉርሽካው በትልቅ ትሪ ላይ ወፍሮ ሲነጠፍ ግን መሐሉ ይግላል፣ ሻጋታውም ራሱን ያቃጥላል። ፉርሽካ ሙቀት አያስተላልፍም። ስለዚህ ስስ አድርጎ ማንጠፍ፣ እርጥብ አየር መንፋት፣ አንዳንዴም ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ማገላበጥ ደግሞ ክሩን ይበጥሰዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ነገር ፋብሪካ ሲገባ የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ብዙ የምርምር ጽሑፍ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ያበቃል።

ቀጥሎ ይደርቃል፣ በአሟሚ ፈሳሽ ውህዱ ይወጣል፣ ይጣራል፣ አሟሚው ይተናል። የቀረው ጭቃ መሰል ነገር መድኃኒት አይባልም። ደጋግሞ ማጣራት፣ ውህዶችን በሚለያይ ዘዴ (በክሮማቶግራፊ) መለካት፣ መርዝ እንደሌለው ማረጋገጥ ይቀራል። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ ሊወስድ የሚችለው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። ተረፈ ምርቱ በነጻ ቢገኝ እንኳ መድኃኒቱ በነጻ አይመጣም።

ከአንድ ኪሎ ፉርሽካ ስንት ክኒን ይወጣል?

በግምት እንሥራው። ጥሩ ዝርያና ጥሩ አያያዝ ካለ ከአንድ ግራም ደረቅ ፉርሽካ ጥቂት ሚሊግራም ሎቫስታቲን ይገኛል። 3 ሚሊግራም እንበል። ከአንድ ኪሎ 3 ግራም ነው። በማጣራት ሂደት ግማሹ ጠፋ ብንል 1.5 ግራም ይቀራል። አንዱ ክኒን 20 ሚሊግራም ቢይዝ 75 ክኒን፤ ለአንድ ሰው የሁለት ወር ተኩል።

ቁጥሩ ደስ ይላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳሰላው ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ለዚያ 75 ክኒን የሚያስፈልገው አሟሚ፣ ኃይል፣ መለኪያ መሣሪያና የጥራት ቁጥጥር ለአንድ ኪሎም ለሺህ ኪሎም መሟላት አለበት። ሎቫስታቲን ደግሞ የፈጠራ መብቱ ካለቀ ቆይቷል፤ በዓለም ገበያ ርካሽ ነው። ከውጭ ከሚመጣው ጋር በዋጋ ልወዳደር ብሎ ለሚነሣ ሰው፣ ከሎቫስታቲን አትጀምር እለዋለሁ። ለመማሪያ ግን የሚስተካከለው የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ የሚሆነው ተረፈ ምርት የትኛው ነው?

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታረም። የጤፍ ጭድ ቆሻሻ አይደለም። በሬው የሚበላው፣ ለምርጊት ከጭቃ ጋር የሚረገጠው፣ ገበያ ላይ በዋጋ የሚሸጥ ነው። ፉርሽካም የወተት ላምና የድልብ በሬ መኖ ነው። “በነጻ የሚገኝ ጭድ” ብሎ የፕሮጀክት ሐሳብ የሚጽፍ ሰው ገበሬውን አልጠየቀም። ስኳር ፋብሪካዎች ባጋሱን ለቦይለራቸው ያነዱታል። ቆረቆንዳውም ብዙ ቦታ ማገዶ ነው።

በእውነት ተረፈ የሚባለው የቡና ነው። በደረቅ ዘዴ ሲዘጋጅ ከንጹሑ ቡና ክብደት ጋር የሚቀራረብ ገለፈት ይወጣል። በእጥበት ዘዴ ደግሞ ቀዩ ልጣጭና አተላው በጅማ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ አካባቢ ወንዝ ዳር ይከመራል፤ ሲዘንብ ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ከታች ያለው ሰው የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። ይህን ያየ ሰው ለምን ስለ ገለፈት አብዝቼ እንደማወራ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ገለፈት እንደ ፉርሽካ ገር አይደለም። ካፌይንና ታኒን አለበት፤ ሁለቱም ብዙ ተሕዋስያንን ይገታሉ፣ ለከብት መኖነትም አያመቹም። አንዳንድ የራይዞፐስና የአስፐርጂለስ ዝርያዎች ካፌይኑን እየሰባበሩ እንደሚያድጉ ታይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥናት “ስንት መድኃኒት ሰጠኝ” ሳይሆን “የእኔ ዝርያ እዚህ ላይ ይኖራል ወይ” የሚል ቢሆን ይሻላል። ከሑመራና ከመተማ የሚመጣው የሰሊጥ አገዳም ማሳ ላይ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ፤ እሱም መፈተን ያለበት ነው።

የትኛውም ይሁን፣ ደርቆ ያልተቀመጠ ተረፈ ምርት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክምሩ ውስጥ እርጥበት ገብቶ በራሱ ከሻገተ መርዙ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው፤ ኦቶክሌቭ ሻጋታውን ይገድላል እንጂ አፍላቶክሲኑን አያስወግድም።

ቤቴ ውስጥ ወይም በማኅበራችን ግቢ መሥራት እንችላለን?

መድኃኒቱን፣ አትችሉም። የአስፐርጂለስ ስፖር ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያሳምማቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ አስም ያለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሳንባው ላይ ጠባሳ የተወበት፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ። አሟሚዎቹ እሳት ይይዛሉ። ያወጣችሁት ነገር ምን ያህል መድኃኒት እንዳለው ሳታውቁ ለሰው መስጠት ደግሞ ወንጀልም ኃጢአትም ነው፤ መድኃኒት ለማምረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዛሬውኑ መጀመር የምትችሉት ግን አለ፤ ኦይስተር እንጉዳይ። የተከተፈ ጭድ ወይም የቡና ገለፈት በሙቅ ውሃ ይታከማል፣ ሲበርድና ውሃው ሲንጠፈጠፍ ከታመነ ቦታ የተገዛ የእንጉዳይ ዘር ይደባለቅበታል፣ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ጨለማ ክፍል ይቀመጣል። ሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ነጩ ክር ከረጢቱን ይሞላዋል፤ ከዚያ ብርሃን፣ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ያፈራል። ጾመኛ ቤት የሚወደው፣ ፕሮቲን ያለው ምግብ ነው። ኦይስተር እንጉዳይ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰርና በጥቂቱ ሎቫስታቲን እንዳለው እውነት ነው፤ ነገር ግን መጠኑ ከዘር ዘር ይለያያልና “የኮሌስትሮል መድኃኒት” ብላችሁ አትሽጡት። እንጉዳይ ብላችሁ ሽጡት። ስፖሩ ስለሚበዛ ስትለቅሙ አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ ክፍሉንም ማናፈስ አይዘንጋ።

ዋሽንግተን ያለችው እህቴ “በቀይ ሻጋታ የበሰለ ሩዝ” የሚባል ክኒን ላከችልኝ። ከሐኪም መድኃኒት ይሻላል?

ይህ ክኒን ቀይ እርሾ ሩዝም ይባላል፤ ሞናስከስ የተባለ ሻጋታ ሩዝ ላይ አድጎ የሚሠራ ነው። ውስጡ ያለው ሞናኮሊን ኬ ከሎቫስታቲን ጋር ፍጹም አንድ ሞለኪዩል ነው። ስለዚህ “ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም” የሚለው አባባል አያስኬድም፤ የሚሠራ ከሆነ ልክ እንደ ሎቫስታቲን ይሠራል፣ ልክ እንደ ሎቫስታቲንም ጡንቻና ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ከክላሪትሮማይሲን (አንቲባዮቲክ)፣ ከኬቶኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) ወይም ሪቶናቪር ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ከተደረበ አደጋው ይብሳል። ነፍሰ ጡር አትውሰደው። ከታዘዘ ስታቲን ጋር መደረብም ሁለት እጥፍ መውሰድ ነው።

በክኒኑ ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ ከብልቃጥ ብልቃጥ ይለያያል። ሻጋታው ሲትሪኒንም ሊሠራ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 በቀን የሚወሰደው ሞናኮሊን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ደንግጓል። ጃፓን ውስጥ በ2024 የደረሰው ደግሞ ለሁላችንም ትምህርት ነው፤ ይህን ሩዝ የያዘ ማሟያ የወሰዱ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆስፒታል ገቡ። ሲመረመር ፑቤሩሊክ አሲድ የተባለ ነገር ተገኘ፤ ሞናስከስ የሚሠራው አይደለም። ምርቱ ውስጥ ሾልኮ የገባ ሌላ ሰማያዊ ሻጋታ ያመጣው ነው። ይህ የሆነው ሻጋታ ማሳደግን ከማንም በላይ በሚያውቅ አገር ነው።

ለእህትዎ ምስጋናዎን ይንገሯት፣ ክኒኑን ግን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ።

“በሻጋታ ሲብላላ አንቲኦክሲደንቱ ጨመረ” የሚሉ ጥናቶች አሉ። መድኃኒት ማለት ነው?

አይደለም። በፉርሽካ ልጣጭ ውስጥ ፌሩሊክ አሲድ የተባለ አንቲኦክሲደንት ከሴሉ ግድግዳ ጋር ታስሮ ይገኛል። ሻጋታው በኢንዛይሙ ይፈታዋል፤ ከማብላላት በፊት ያልተለካው ከማብላላት በኋላ ይለካል። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፣ ለምግብና ለመኖም ሊጠቅም ይችላል። ብልቃጥ ውስጥ የተለካ አንቲኦክሲደንት ግን በሰው ላይ ሕመም አስታገሰ ማለት አይደለም። ተማሪዎቼ መደምደሚያ ላይ “ለካንሰር ሕክምና ተስፋ ሰጪ” ብለው ሲጽፉ እሰርዘዋለሁ።

ውህዱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፉርሽካ ምን ይሆናል?

በአሟሚ የታጠበ ከሆነ ለከብት አይሰጥም። አንቲባዮቲክ የተመረተበት ከሆነ ደግሞ ሜዳ ላይም አይደፋም፤ አፈር ውስጥ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይፈጥራል። በሙቀት ታክሞ፣ ቅሪቱ ተለክቶ ነው የሚወገደው።

ውህዱን ጭራሽ ሳያወጡ መጠቀምም ይቻል ይሆናል። ማሌዥያ ውስጥ ተመራማሪዎች የሩዝ ገለባ በአስፐርጂለስ ቴሬየስ አብላልተው ለፍየል አበሉ፤ ከጨጓራዋ የሚወጣው ሚቴን ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሚቴን የሚሠሩት ተሕዋስያን የሴላቸውን ሽፋን የሚሠሩት ኮሌስትሮል በሚሠራበት ዓይነት ኢንዛይም ነው፤ ሎቫስታቲን እሱን ይገታል። በአፍሪካ ከፍተኛው የቀንድ ከብት ቁጥር ላላት አገር ይህ ሰፊ የምርምር ሜዳ ነው። እርግጥ ነው፣ ከሥጋውና ከወተቱ ውስጥ ምን እንደሚቀር ሳይለካ ወደ ገበሬ ቤት መውረድ የለበትም።

ተማሪ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ዝርያውን ከሻገተ ዳቦ አትልቀም። ቁጥር ካለውና ታሪኩ ከሚታወቅ ዝርያ ጀምር፤ ለሎቫስታቲን በኤቲሲሲ (የአሜሪካ የተሕዋስያን ዝርያዎች ስብስብ) ቁጥር 20542 የተባለው አስፐርጂለስ ቴሬየስ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ማነጻጸሪያ ነው። መጀመሪያ በስንዴ ፉርሽካ ላይ ሌሎች ያገኙትን መጠን አንተም ማግኘት መቻልህን አሳይ፤ ከዚያ ብቻ ወደ ቡና ገለፈት ተሻገር። ያልተዘራበት፣ የተቀቀለ ብቻ የሆነ ገለፈት ጎን ለጎን ይመርመር። ሲትሪኒንና አፍላቶክሲን ምርመራ ከመጀመሪያው ዕቅድህ ውስጥ ይግባ፤ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መብራት አይጠፋም ብለህም አትቁጠር፤ ኢንኩቤተሩ በሌሊት ቀዝቅዞ የስድስት ቀን ሥራ ያበላሸብኝ ጊዜ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የሙቀቱን መዝገብ ጠዋትና ማታ ሳልጽፍ አላድርም።

ከአገር ውስጥ አፈር ወይም ከተክል አዲስ ዝርያ መለየት የምትፈልግ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የደቂቅ ዘአካላት ስብስብ አለው፤ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በዘርፉ ይሠራል። ናሙና ለውጭ አገር የምርምር አጋር ከመላክህ በፊት አዋጅ ቁጥር 482ን አንብብ፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣ ነው። በጤፍ ላይ ሆላንድ ውስጥ ተሰጥቶ የነበረው የፈጠራ መብት ዓመታት ያስቆጠረ ክርክር አስነሥቶ እንደነበር ታስታውሳለህ። አንድ የሻጋታ ስፖር በፖስታ ውስጥ ማንም ሳያየው ያልፋል፤ ስለዚህ የስምምነት ወረቀቱ ናሙናው ከእጅህ ሳይወጣ ይፈረም።